ተቃራኒውን አምጡ

ቡሬ፣ የማታው ክፍል፤ መብራት ሄዶ መጣ፣
ጠመኔዬ ከኪሴ ሁለት ሆኖ ወጣ።
አራት የእንግሊዝ ፈሊጥ ከሰሌዳው ጻፍሁ፣
«ፍቺውን ከነተቃራኒው አምጡልኝ» ብዬ አዘዝሁ።

አንደኛው «ባቄላውን ደፋ»፤
ምስጢር አወጣ ማለት ነው፣ ይኼስ ለማንም አልጠፋ።
ተቃራኒው ላይ ግን ሁሉም «ለቀመ» ብሎ ጻፈ፣
የአንዱን መልስ አንዱ ቀዳው፣ ስሕተቱም አብሮ አለፈ።

ትሁኔ ብቻ ዘገየች፤
ከወፍጮ ቤት በቀጥታ፣ ዱቄቱ ቅንድቧ ላይ እንዳለ መጥታ ደብተሯን ዘረጋች።
«ባቄላ ስንት ጊዜ ደፍቻለሁ፣ መምህር፤
ስለቅም አመሸሁ እንጂ ማንም አልሰማም ምስጢር።
የእኔ መልስ ‹ሆድ ይፍጀው› ነው።»
ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ልክ አልሁት፤
ሆዷ ምን እንደፈጀ ግን መጠየቁን ተውሁት።

ሁለተኛው «ባልዲውን ረገጠ»፤ ሞተ ለማለት ነው።
አለኸኝ፣ ውሃ ረቡዕ ረቡዕ ብቻ የሚደርሰው፣
«ባልዲውን ሞላ» አለ፤ ኖረ ማለቱ ነው።
ልከራከረው ብዬ፣ የእኔው ባልዲ ትዝ አለኝ፤ ባዶ ነው።

«በረዶውን ሰበረ»፦
ባይተዋሮች ሲግባቡ፣ ዝም ያለው ቤት ሲያወራ።
ከኋላ ይርሳው ተነሣ፤ ቀን ድንጋይ ጠርቦ፣ ማታ ፊደል የሚሠራ።
«ባለቤቱን ተሳቢ፣ ተሳቢውን ባለቤት ሳደርገው
ተቃራኒው መጣልኝ፦
በረዶው ሰበረን።
ጥቅምት ላይ። ሁለት ጥማድ ጤፍ፣ ለአጨዳ ወር ሲቀረው።»
ማንም አልሳቀ።
እኔም ከዚያ የተሻለ መልስ አላውቅም።

አራተኛው «እግርህን ስበር»።
«ምርቃት ነው» አልኋቸው፣ «ይቅናህ እንደማለት።»
ክፍሉ አጉረመረመ፤ «እርግማን ነው እንጂ፣ ምኑ ነው ምርቃት?»
ደግሞም ያውቃሉ፤ ባጃጅ ከጣለኝ ወዲህ
ግራ እግሬን ስጎትት ነው የምኖረው እንዲህ።
መልሱን ሳናርም ደወል ተደወለ።

በማግስቱ እኔም ተፈታኝ ነኝ፤
የመምህራን ምዘና፣ ደብረ ማርቆስ፤
ሁለቴ ወድቄ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምሄደው።
ትሁኔ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።
ቃል ስትመርጥ ቆየች፤ አንዱን አንሥታ፣ ሌላውን ጥላ፣
ኋላ ደፍራ፦
«እግርዎን ይስበሩ፣ መምህር።»

«የቱን?» አልኋት።
«ደህናውን» አለች፣ ሳትስቅ።
«አሜን» ብዬ፣ እያነከስሁ ደረጃውን ወረድሁ።