ስፌቱን ወደ ውጭ

ሃያ ሁለት ዓመት ሸዋበር ከርሜ፣
በመርፌ በክሬ ስንቱን ሰው ሸልሜ፣
የሙሽራውን ሱፍ፣ የሼሁን ጀለቢያ፣
የነጋዴውን ካፖርት ለክረምት መክረሚያ፣
ስንት ትከሻ ለክቼ፣ ስንት ጨርቅ ቀድጄ፣
አንድ ልክ ጠፋብኝ፦ የረውዳ፣ የልጄ።

ለዒድ ነበር።
ከአረብ ገንዳ ሱቆች ሮዝ ሳቲን መርጬ፣
አንገቱን በዳንቴል፣ በወርቅ ክር አስጊጬ፣
ሌሊቱን በሙሉ ሲንጀሬን ረግጬ፣
ሲነጋ አለበስኳት።
"አባ፣ ይነክሰኛል!"
"ምኑ ነው የሚነክስሽ?"
"ልብሱ።"
ልብስ ጥርስ አለው ወይ? ብዬ ሳቅሁ እኔ፤
እሷ ግን በጥፍሯ፣ እያየሁ በዓይኔ፣
የሌሊቱን ድካም ተረተረችብኝ፤
ቤቱ እንግዳ ሞልቶ፣ ቁጣዬ ቀደመኝ።
ያቺን አንድ ጥፊ መዳፌ አልረሳትም፤
መርፌ ስንቴ ወጋኝ፣ እንደሷ አልቆየም።

ምክር መቼ ጠፍቶ!
አንዷ "ቅብጠት" አለች፣ "አንድ ብቻ ወልዳችሁ"፣
አንዷ "ዓይን ነው" አለች፣ "በጊዜ ካልያዛችሁ"፣
አጎቷ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ መጣ፣
"በርበሬ ብታጥኗት" አለን፣ "እልሁ እንዲወጣ።"
ሻዩን ጠጥቶ ወረደ።
በርበሬው ከቋቱ አልተነካም።

እኔ ማየት ያዝኩ። ልክ መውሰድ ማለት መጀመሪያ ማየት ነው።
ፒያሳ ላይ ባጃጅ ጡሩምባ ሲነፋ
አስፋልቱ ላይ ቁጭ፣ ትንፋሿ ሲጠፋ፤
ሚዶ ገና ሳይነካት ራስ ቅሏን ሲያማት፣
የገንፎ ልስላሴ ጉሮሮዋን ሲያንቃት፤
ገባኝ ቀስ በቀስ፣ እንደ ክር በመርፌ ዓይን፦
የሁላችን ቆዳ ገበር አለው ለካ፤
እሷ ያለ ገበር የተሰፋች ናት፣ ነፋስ እንኳ ሲነካ
ውስጧ ድረስ ዘልቆ ይገባል።
እልህ አልነበረም።
እልህ ያልኩት እኔ ነኝ።

እናም ሙያዬን ፈታሁት።
ከአንገትጌዋ ላይ ማርካውን ቆርጬ፣
የዩኒፎርሟን ስፌት ወደ ውጭ ገልብጬ፣
የገራዶን ማሽላ በየኪሱ ቋጥሬ፣
ከባድ ሰደርያ ሰፋሁላት በክሬ።
ሲጫናት ትቀላለች። ሂሳቡ አይገባኝም፤
ልጄ ትቅለላት እንጂ፣ ሌላውን አልጠይቅም።

እናቷ ዘይነባ ሹሩባ ስትሠራት
አስቀድማ በመዳፏ ግንባሯን ጫን ትላትና
"አሥር ጉንጉን ነው" ትላለች።
"ዘጠኝ ቀረ... ስምንት ቀረ..."
ማለቂያው የታወቀ ሕመም፣ ለልጅም ቢሆን ይቻላል።
ይማም ባለባጃጁም በራችን ሲደርስ
ጡሩምባውን ትቶ በመብራቱ ይጠቅሳል።
መምህርት አስካለ ከደወሉ አርቃ መስኮት ስር አስቀመጠቻት፣
የቶሳ ተራራ ፊት ለፊት ከሚያያት።
"ቶሳ ጥሩ ነው" አለችኝ ማታ፣ "አይጮህም።"

ገበያተኛው ግን፣ "ሸምሱ ዓይኑ ጠፋ!
የገዛ ልጁን ልብስ ገልብጦ የሰፋ
የእኛን ሱሪማ..." ይላል።
ይበል።

ሁልጊዜ አይሠራም።
ባለፈው፣ ሰኞ ገበያ፣ ከሽንኩርት ቅርጫት መሀል፣
ማሽላውም፣ ሰደርያውም፣ እኔም አላዳንናት፤
ታቅፌያት ሮጥኩ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት።

ትናንት ደግሞ በረዶ ወረደ።
የደሴ ነሐሴ፣ የደሴ ቆርቆሮ፣
ሺህ ሲንጀር ባንድ ጊዜ ሰማይ ላይ ሲሰፋ።
የእኔን አቆምኩት።
ሰደርያዋን ለብሳ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር ገባች፤
እኔም ተከትዬ ገባሁ፣
ጉልበቴ አገጬን እየነካኝ።
"ሸምሱ የለም እንዴ?" አለ አንድ ደንበኛ ከደጅ።
ከላያችን መቀሴና ሜትሬ ብቻቸውን ተኝተዋል።
ዝም አልኩ።
የረውዳ መዳፍ ግንባሬን ጫን አድርጎ ያዘኝ፣
ልክ እንደ እናቷ።
"አይዞህ አባ" አለች፣ "ሦስት ቀረ።"
በረዶው ገና መጀመሩ ነበር።
"ሁለት ቀረ።"