ማርሽ ፍለጋ የሄደች እጅ

መኪና ሲባል እኛ ቤት፣ ፔጆ ነው የሚታወቀው፤
ሌላውን አባባ «ጎማ ያበቀለ ቆርቆሮ» ነው የሚለው።
ያቺ ነጭ ስቴሽን፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣
ቀረሶና አምባዛ በበረዶ ጭና
ከጣና መራዊ፣ ከመራዊ ጣና።
ቅዳሜ ለሰርግ በኦሞ ታጥባ፣
ሙሽሪትን ከነሚዜዎቿ አስገብታ፣
(ሽታው መች ይለቃል! አንዷማ
እስከ ጊዮርጊስ በር አፍንጫዋን በቬሎዋ ጫፍ ይዛ፣)
ሰኞ ሬሳ አድርሳ፣ ዘመድ ደጅ፣ ገጠር፣
ማክሰኞ ዓሣዋ ላይ፣ ምንም እንዳልነበር።

አባባ ሲያርፍ ሊብሬው በስሜ ዞረ፤
ፔጆነቱም አብሮ ከደሜ አደረ።

ሳሏን ሰምቶ ብቻ ሕመሟን የሚያውቃት
ይርሳው ነበር፤ ኮፈኗን ከፍቶ፣ እንደ ንስሐ አባት
ጆሮውን ሰጥቶ፣ «ዝም በሉ፣ ታውራ» የሚላት።
እሱም ዐይኑ ደከመ፣
ቡሎኑን ከዳዶ መለየት አቃተው፤
አንድ ጠዋት መፍቻውን ለልጁ አስረክቦ
ጋራዡ በር ላይ፣ ጎማ ላይ ተቀመጠ።
ልጁ ደግሞ የሚያውቀው ቶዮታ ነው።
ለአንዲት የውሃ ፓምፕ ከአዲስ አበባ
ሦስት ሳምንት ጠበቅን።
ዓሣ ሦስት ሳምንት አይጠብቅም።

ዝማም ባለቤቴ፣ ዕቁብ የወጣላት ማታ፣
መረቡን ስትጠግን፣ ቀና ሳትል ለአፍታ፣
«ሰው አገሩን» አለች፣ «ጥሎ ይሄድ የለም ወይ?
አንተ መኪና ለመቀየር ሱባኤ ትገባለህ ወይ?»

አትንኩት ደላላው ኮሮላውን በመዳፉ መታ፦
«ስቴሽን ማለት ይሄ! አይሞትም! አይረታ!
ዕቃው እንደ ሽሮ፣ በየሱቁ፣ ጠዋት ማታ!»
ዕድሜውን ስጠይቀው ግን ጫማውን አየ።

ባለቤቷ ጡረተኛ መምህርት፣ እትዬ የሺመቤት፣
ሽምብጥ፣ ማንጎው ሥር፣ ከቆመበት ቤት።
«ምን ትጭንበታለህ?» አሉኝ።
«ዓሣ።»
ቁልፉ በእሳቸውና በእኔ ጣት መሀል ትንሽ ቆየ።
«መጽሐፍ ነበር የለመደው» አሉ።
«እንግዲህ ይልመደው።»

እሱ ልበል እሷ፣ ገና ሳልወስን፣
ከነዝማም፣ ከነአትንኩት፣ አስነሥቼ ወጣሁ።
ዘንባባው መንገድ ላይ፣ ሁለተኛ ላስገባ
ቀኝ እጄ፣ ሳላዛት፣ ከመሪው ሥር ሄደች፤
ፔጆ ማርሿን አንገቷ ላይ ነበር የምታስረው።
የጨበጥኩት የዝናብ መጥረጊያውን ነው።
በየካቲት ፀሐይ፣ ጠብታ በሌለበት፣
ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣
ደረቁን መስታወት እያንቋረረ ጠረገው።

ባጃጅ ነጂው አየኝ፣
ሰማዩን አየ፣
ደግሞ እኔን አየ።

«ምነው ጋሼ፣ ዘነበ እንዴ?» አለ አትንኩት ስቆ።
ዝማም ከኋላ ወንበር፣ በቀስታ፣
«እሱ ጋ ዘንቦ ይሆናል፣ ተወው» አለችው።

እኔም ተውኩት። እስከ ድልድዩ ድረስ መጥረጊያው ይሠራ ነበር።

ፔጆዋን የወረታ ዕቃ ሻጭ ወሰዳት፤
ሞተሩን ለብቻ፣ በሯን ለብቻ፣ ስፖኪዮዋን እንኳ ለብቻ አስቀርቶ ቆጥሮ።
ፖርቶ መጋላዋን ጎረቤት ለዶሮ ቤት ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።
የመጨረሻውን ወንበር ግን፣ ያን ሦስት ሰው የሚይዘውን፣
አልሸጥም አልኩ።
ታንኳዎቹ ከሚጠጉበት፣ ደንገሉ ከሚያበቃበት፣
ፊቱን ወደ ውሃው አድርጌ ተከልኩት።

ዛሬ ጎህ ሳይቀድ በረዶ ጫንኩ።
የመምህርቷ ምንጣፍ ላይ የመጀመሪያዋ ጠብታ
ወርዳ ተቀመጠች፤ አምባዛው አንዴ ጭራውን መታ።
ይኸው፣ ሸተተ። መኪና ሆነ።

ልወጣ ስል ሁለት ዓሣ አጥማጆች
የፔጆው ወንበር ላይ ሻይ ይጠጣሉ፤
አንደኛው የሌለውን በር እየደበደበ
እንደ ረዳት ይጮሃል፣ ለጣና፣ ለወፉ፣
«መራዊ! መራዊ! አንድ ሰው የጎደለ!»

በመሀላቸው ያለውን ባዶ ቦታ አየሁ።
ክላክስ አድርጌ አለፍኩ።
እጄ፣ እግዜር ይስጣት፣
ማርሹን ከወለሉ አገኘችው።