የልቤ ተከራዮች

ጥር ነው። ኤድመንተን። ከሆቴሉ ምድር ቤት
ደረት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ሰጡኝ፣ ሁለት መስመር ያለበት።
በላይኛው ስም ነው፤ ጻፍኩት በጥድፊያ፦
ይኸነው ዓለሙ።
በታችኛው ሙያ።
እስክሪብቶው ደረቀ፣ ወይ እኔ ደረቅሁኝ፣
ከኋላ ሰልፉ አለ፤ አንዱ ትንፋሹን ማጅራቴ ላይ ለቀቀብኝ።

ምን ልበል?
ቀን ቀን የአንድ ስንዴ ነጋዴ ሒሳብ እዘጋለሁ፣
ማታ ማታ መጽሐፍ መጠረዝ እማራለሁ፣
ባለፈው በጋ ንብ፣ ከዚያ በፊት ካርታ፣
ከዚያም በፊት ደግሞ
ያሮጌ ሰዓት ሆድ ስበረብር፣ ስፈታ
የተረፈችኝ አንዲት ጥርሰ ብዙ መዘውር
ይኸው እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ አለች፣ ከሳንቲም ጋር ስትዞር።

አባቴ፣ የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ያዥ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ባንድ ወንበር የኖረ፣
"ሙያ በልብ ነው" እንዳለ፣ ያወቀውን ሁሉ
ከነቁልፉ ይዞት ተቀበረ።

እዚህ ግን እንግዳወርቅ፣ የዚህ ሁሉ ጥሪ አዋቂ፣
ሁለት ስልክ በሁለት እጁ፣ የሰው ስም ጠባቂ፣
"ወንድሜ" ይለኛል፣ "ልብህን ማን ያያል?
በልብ የተያዘ ሙያ እዚያው ይሻግታል።
አንዱን ምረጥና ለጥፈው፤ በየቀኑ ታይ፤ ፎቶህን ቀይር።
ሰው እንዲያስታውስህ አንድ ነገር ሁን፤ አንድ ብቻ፣ ቀላል ነገር።
ሁለት ድግስ ሸትቶት መንታ መንገድ ላይ
እግሩ የተሰነጠቀው ጅብ ትዝ አይልህም ወይ?"

ትዝ ይለኛል። ግን ማንም አልጠየቀም፣
ያ ጅብ ከመሰንጠቁ በፊት፣ ከግራም ከቀኝም
ነፋሱ ሁለት ድግስ ባንዴ ሲያመጣለት
ያቺ አንዲት ደቂቃ ምን ያህል እንደጣመችለት።

ገባሁ ወደ አዳራሹ፣ ከነባዶ መስመሬ።
ካርድ ሰጡኝ፤ እኔም የአምናውን ሰጠኋቸው፣ ስልኩ የተዘጋውን፣ አፍሬ።
ኪሴ ውስጥ ስልኬ እንደ ቀፎ ያጉረመርማል፦
አንዱ ሥራ ቀይሮ ደስታውን ይገልጻል፣
አንዱ አምስት ዓመት ሞላኝ፣ አጨብጭቡ ይላል፣
አንድ የማላውቀው ሰው ሊያውቀኝ ይፈልጋል።

አይብ ከተደረደረበት ጥግ አንዲት ሽበታም ሴት፣
ኦክሳና፣ ፒያኖ ቃኚ የነበረች፣ ኋላም አውቶቡስ ነጂ፣ አሁን እንጃላት፣
ደረቷን አየሁት፤ የሷም ባዶ ነው።
ምን ትሠራለህ አላለችኝም።
"ስትመጣ ወንዙን ሰማኸው?"

ሰምቼዋለሁ። በረዶው ከሥር ሲሰነጠቅ
ድምፁ ከድልድይ ድልድይ እንደ ጅማት ሲላቀቅ።
"ከትናንት ይልቅ ዛሬ ወፍሯል" አለች፣ አጎራጎረችልኝ።
ድልድዮቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ ካርታው አስተምሮኛል፣
ሰከንዱን በአፌ ቆጠርኩላት፣ የሰዓት ነገር አይጠፋኝም፣
ሶፍት ላይ ደመርን፣ አካፈልን፣ ሳቅን፣
ስንጥቁ የሚሮጥበትን ፍጥነት አወጣን፤
የማይሆን ቁጥር ነው፤ አንድ ቦታ ተሳስተናል።
ወይኗን ጨልጣ ካፖርቷን ፈለገች።
ስልክ ቁጥር አልጠየቅኋትም።

ባቡር ውስጥ፣ መስኮቱ በትንፋሼ ጉም ለብሶ፣
አባቴን አሰብኩት።
ሙያ በልብ ከሆነ፣ አባዬ፣ የኔ ልብ የኪራይ ቤት ነው።
ሒሳቡ ፎቅ ላይ ነው፤ በወር በወሩ ይከፍላል።
ንቡ ምድር ቤት ነው፤ ብርዱ እስኪያልፍ ያንቀላፋል።
ካርታው ውዝፍ ኪራዩን ሳይከፍል ቁልፍ ይዞ ወጣ፤
አልቀየርኩም በሩን፤ አንድ ሌሊት ሊመጣ
ይችላል።
ጠራዡ አዲስ ነው፤ ሙጫው በየክፍሉ ይሸታል።
በሩ ላይ የማንን ስም ልለጥፍ?

ሌሊት ያንን ሶፍት ፎቶ አንስቼ ለቀቅሁት፣ ያለ አንዲት ቃል ጽሑፍ።
ሦስት ሰው ወደደው።
እንግዳወርቅ ጠየቀ፦ "ይሄ ደግሞ የምን ሥራ ነው?"
እስካሁን አልመለስኩም፤
ጆሮዬ ወንዙ ላይ ነው።