ገጸ በረከት

የግዲኒያ ወደብ ታኅሣሥ ሲጀምር፣
በዘጠኝ ተኩል ሰማዩ ሲጠቁር፣
ከገመድ ፋብሪካው ሁለተኛ ፎቅ
ማሞቂያው እያሳለ ሊሞቅ ሲማቅቅ፣
አለቃችን ቬስዋቭ ወረቀት ዘርግቶ
"አርባ ደንበኛ ነው" አለ ስም ቆጥሮ፣ ጠርቶ፤
"እንዳምናው ይሁና፤ ብዕርና ካላንደር፣
አርማችን በወርቁ ቀለም ደምቆ እንዲያምር።"

እኔ ሒሳብ ያዥ ነኝ፤ ብዕር አልጠላም፤
በጅምላ ሲገዛ ወጪው አይጎላም።
ዩስቲና ግን ዝም አለች።
ዝም ብላ ብዙ ቆየች።
ከሽያጭ ክፍል ናት፣ ስልኩ የርሷ ነው፣
ዓመት ሙሉ የሰው ድምፅ የምታደምጠው።

"አምና" አለች፣ "ሽቼቺን ለውል ሄጄ ሳለ፣
ጸሐፊው መሳቢያ ከፍቶ 'ይኸው' አለ፤
የሻጭ ሁሉ ብዕር፣ ክምር እንደ ጭራሮ፣
የኛም ከነላስቲኩ ከመሃል ተቀብሮ።
አንድ ያነሳሁት ጭራሽ አልጽፍ አለኝ፤
የማን አርማ እንደሆነ፣ እባክዎ አይጠይቁኝ።"

ከቦርሳዋ አወጣች የተማሪ ደብተር፤
የትዕዛዝ ቁጥር የለው፣ የሜትር፣ የዶላር።
በትከሻዋ በኩል ሰርቄ አነበብኩ፦

"ሄኒንግ፣ ከቦርንሆልም። ግራኝ ነው፤ መቀሱ
ሁሌ ያስቀይመዋል፣ እንደነገረኝ እሱ።
የክላይፔዳው ደንበኛ መጠጥ ከተወ ሁለት ዓመቱ፤
አምና ውስኪ ላክንለት። ምን ብላን ይሆን ሚስቱ?
ወይዘሮ ኤዲታ ዘንድሮ ብቻዋን ነች፤
ጥንድ ስኒ አይላክላት፤ ባሏን ቀብራለች።
የሪጋው አይቫርስ፦ ልጁ ቫዮሊን ጀምራለች፤
የጎረቤቱን ትዕግሥት ትፈታተናለች፤
መለዋወጫ ክር ለርሷ፣ የጆሮ ጥጥ ለርሱ።
የሮስቶክ መጋዘን፣ ሌሊት ተረካቢው፣
ስሙ ዝርዝር የለም፤ እጁ ነው ፈራሚው፤
በብርድ ሲፈርም ፊደሉ ይሰበራል።
የሱፍ ጓንት፣ ትልቁ ቁጥር። ሌላው ይደርሳል።"

ቬስዋቭ ጉሮሮውን ጠርጎ "ጥሩ ነው" አለና፣
"የኛ ስም ግን የታል? ንግድ ነው ይህ'ኮና፤
ደግሞ ደንብ አላቸው፤ ከመቶ ዝሎቲ ካለፈ
ገጸ በረከቱ ጉቦ ሆኖ ተጻፈ።"

እኔም ሳልጠየቅ ማስሊያዬን ሳብኩኝ፤
ለግራኝ መቀስ ስንት፣ ለጓንት ስንት አልኩኝ፤
ከደንቡ በታች ነው፤ ግን ካምናው ወጪ በለጠ።
ልቃወም አፌን ስከፍት ሐሳቤ ተገለበጠ፦
ያን አልጽፍ ያለ ብዕር፣ ዋጋ ተከራክሬ፣
የገዛሁት እኔ ነኝ።

ዩስቲና ወረደች ወደ መቁረጫው ቤት፤
ትርፍራፊ ገመድ አመጣች በቅርጫት፤
ለመጣል የቆየ፣ ርዝመቱ የጠፋ፣
መርከብ የማያቆም፣ ሚዛን የማይደፋ።
ሦስት ማታ አመሸን ስንጠቀልል አርባ፤
አርባ አንድ ልበል፤ ጓንቱም አብሮ ገባ።
በሪባን ፈንታ ገመድ፣ በአርማ ፈንታ ቋጠሮ፤
ቬስዋቭ ራሱ አሰረ፣ ያባቱን እጅ አስታውሶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ።
አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቼ
አባቱ መርከበኛ እንደነበር ያን ማታ ሰማሁ።

በጥር ስልክ ጮኸ። ሄኒንግ ነበረ፤
ዘንድሮ ከሌላ ሻጭ፣ ከርካሽ ጋር የተዋዋለ።
"ተመለሰ!" ብዬ ብዕሬን አነሳሁ፣
የትዕዛዝ ቅጽ ይዤ ጆሮዬን አቆምኩ።
እሱ ግን
"ሁለት ቀን ታገልኩት፤ መቁረጥ አሳዘነኝ፤
ቋጠሮው ከየት ነው የሚፈታው? ንገሪኝ።"
ዩስቲና ባየር ላይ ገመድ እየፈታች፣
እሱ የማያየውን በጣቷ እያሳየች፣
"በግራ እጅዎ ይጀምሩ" አለችው፤
"ለርስዎ ነው የታሰረው።"

ምንም ሳያዝዝ ዘጋ።
መዝገቤን ገለጥኩኝ፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ዕዳ፣ ትርፍ፤
ያንን ትርፍራፊ ከየቱ ላይ ልጻፍ?