የማክሰኞ ወንበሮች

ግሮኒንገን፣ ከቦዩ ዳር፣ ባለ ሦስት ፎቅ ጡብ ቤት፣
የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚፈተሽ፣ የሚሸጥበት፤
አርባ ሁለት ሠራተኛ፣ ወንበሩ ግን ሠላሳ።
"ሲትስከ፣ ደንብ ጻፊልን፤ ማንም ሰው እንዳይረሳ፤
ስንቱን ቀን ቢሮ፣ ስንቱን ቤት፣ ባንድ ገጽ አድርገሽ ቋጪው፤
ዓርብ ከመውጣቴ በፊት ከጠረጴዛዬ አምጪው"
አለ ሃርመን፣ አለቃው፣ የዝናብ ኮቱን ሲቆልፍ።
እሷም ያን ሌሊት ጻፈችው፣ ሳትደልዝ፣ ሳትገድፍ፦

"ማክሰኞና ሐሙስ ቢሮ። የቀረው በየቤቱ።
ከሦስት እስከ አሥራ አንድ ይብራ አረንጓዴ መብራቱ።"

ሁለት ዓረፍተ ነገር፤ ንጹሕ፣ እንደ ታጠበ ሰሃን፣
ገና ማንም ያልበላበት። እኔም፣ ሒሳብ ያዡ ጎረቤቷ፣
"ይሁን" አልኳት፣ "ይሁን።"

በመጀመሪያው ማክሰኞ አርባ ሁለት ሰው መጣ።
አሥራ ሁለቱ ቆሞ ዋለ፤ ኒንከ ደረጃ ላይ ተቀምጣ
ለበርሊኑ ደንበኛ ጮኸች። ጎን ለጎን የነበሩ
ክርናቸው እየተጋጨ በስክሪን ሲነጋገሩ፣
"ድምፄ ይሰማሃል?" ነበር የቀኑ ሙሉ ነገሩ።
ረቡዕ ደግሞ ቢሮው ባዶ፤ ማሞቂያው ለግድግዳ ሲነድ፣
ሒሳቡን እኔ አውቀዋለሁ፣ ጋዙ እንደ ጉድ ሲወደድ።

ዊበ ከምድር ቤት መጣ፣ እጁ በግራሶ ጠቁሮ፣
ሃያ ስድስት ዓመት ሞተር ሲያስነሣ፣ ሲያዳምጥ ኖሮ፤
ወረቀቱን በሁለት ጣት፣ እንዳያቆሽሸው ያዘና፦
"እኔስ?" አለ፣ "ይህን ሞተር ሳሎኔ ላይ ልትከለውና
ሚስቴ ልብስ ታጥብበት?"
ሁሉም ሳቀ። እሱ አልሳቀም።
ሲትስከም። አንገቷ ቀላ፤ ያን ቀን ወንበር አልያዘችም።

ብስክሌቷን ይዛ ወጣች፣ ዝናቡን ፊት ለፊት ገጥማ፣
ቤት ለቤት፤ ልትቆጣጠር አይደለም፣ ልትሰማ።

ሪንዘ ያለው አንድ ክፍል፣ አብረውት ሁለት ጓደኛ፤
ገበታው የልብስ መተኮሻ፣ ከሥሩ ሌሊት ሠርቶ የሚተኛ።
"ቢሮው ነው ቤቴ" አላት፣ "እባክሽ፣ ቀን አትቁጠሪብኝ።"
ሂልከ፣ ከሜዳው ባሻገር፦ "አባቴ ስሜን ረስቶብኝ
ጥላዬን ብቻ ነው የሚያውቅ፤ ከክፍሉ ካጣው ይጮኻል።
ማክሰኞን እመጣለሁ፤ ሐሙስ ግን... ሐሙስ ይከብዳል።"
ኒንከ ከበር አስቆመቻት፤ አላስገባቻትም ቤቷ።
"ሥራዬን ሙሉውን ያዢው፤ ደጃፌን ግን ተይልኝ።" እውነቷ።

በኛ አገር መሬቱ ራሱ ከባሕር ዝቅ ብሎ የተኛ፣
ግድቡን አንዱ ቢዘነጋ አይተርፍም ጎረቤተኛ፤
ስለዚህ ይመስለኛል፣ ተሰብስበን መከራከር እንወዳለን፤
ሦስት ማክሰኞ ተከራከርን፣ የአተር ሾርባው እየቀዘቀዘብን።
ሁለት ባላ የተከለ፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ይንጠለጠላል፤
ዳሩ ባላው ከመቆረጡ በፊት ሸክሙን ማወቅ ይሻላል።

ደንቡ ዛሬ ግድግዳው ላይ ነው፣ እርሳስ የበዛበት፦
ማክሰኞ ሁላችንም፤ ስክሪን ተዘግቶ፣ ፊት ለፊት።
ሌላው ቀን እንደየሥራው፣ እያንዳንዱ ቡድን መክሮ፤
ቤት የጠበበው ሰው ግን፣ በፈለገው ቀን ይምጣ ቢሮ።
አረንጓዴው መብራት ይጥፋ፤ የሚታየው ሥራው ይሁን።
ከአሥራ አንድ በኋላ ስልክ ቢጮኽ፣ ለማንሣት ማንም አይገደድ አሁን።
ዊበም ዓርብ በስድስት ሰዓት፣ ደመወዙ ሳይጎድል፣
አሣ ማጥመጃውን ይዞ፣ ካሰኘውም ባዶ እጁን፣ ይሄዳል።
ከግርጌ በትንሽ ፊደል፦ "በስድስት ወር ይታረማል፤ ስህተት አያጣውምና።"
ሃርመን "ባንድ ገጽ ብዬ ነበር" አለ፤ ገልብጦ ጀርባውን አየና
ዝም አለ።

ወንበር? ከተዘጋ ትምህርት ቤት አሥራ ሁለት በርካሽ ገዛሁ፤
የልጅ ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ሲነካ፣ የሚስቅብኝ በዛ አየሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ቆጠርኩ፤ አርባ አንድ። የሂልከ ቦታ ባዶ።
"ለምን?" ያለ አልነበረም። ውጭ ዝናብ፣ ሲቆይ በረዶ።
ዊበ ከምድር ቤት ወጣ፤ ጃኬቱን አወለቀና
ከወንበሯ ጀርባ ሰቀለው። ሞተሩ እየጠራው ነበርና
ምንም ሳይናገር ወረደ።
ጃኬቱ ዘይት ዘይት እየሸተተ፣ ቦታዋን ይዞላት ዋለ።