ስውር ባለቤት

ማክሰኞ ማታ ነው። ሳፊ፣ ከወደቡ በላይ፣
ከመስጊዱ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ላይ፣
ሳሙና ያልረታው የሰርዲን ጠረን
ከሴቶቹ ቀድሞ ገብቶ ያዘ ወንበሩን።

ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ ብዕሬ ቀይ ቀለም፤
ሰዋስው የማይፈታው አንድም ነገር የለም
ብዬ ነበር ያኔ።

«ግሡ ብቻ ይበቃል፤ ባለቤት አትጥሩ፤
‹ሂድ› ካላችሁ፣ ‹አንተ› አለ ከነክብሩ፤
አይጻፍም፣ አይጠራም፣ ተሸሽጓል ከሥሩ።
ለወንዱ ‹ቁረጥ› ነው፣ ለሴቷ ‹ቁረጪ›።
በሉ፣ አምስት አምስት ጻፉ!»

ቱዳ ለአማቷ ጻፈች፦ «ተኚ፣ እስኪነጋ ተኚ»፤
ዐሥሩ ሴቶች ሳቁ፣ ጠመኔዬ ወደቀ።
ያምና ግን ጨርሳለች፤ ደብተሯን አየሁት፦

«ቁረጪ። እጠቢ። ደርድሪ። ፍጠኚ።
ዛሬ ዓሣ የለም፣ ቤትሽ ሄደሽ ተኚ።»

አንድም ስሕተት የለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
አለቆች በጆሮዋ ሲያስጠኗት ነው የዋሉ።

«ልክ ነው» አልኳት፣ «ግን ላንቺ የተባለ፤
ከአፍሽ የወጣ፣ አንቺ ያልሽው የታለ?
እስቲ ለወንድ ጻፊ።»

«ወንድ አዝዤ አላውቅም» አለች። እጇን አየች፣
ቢላዋ የበላውን የአውራ ጣቷን ጫፍ።
ከዚያ አንዲት ቃል፦

«ና።»

አስተማሪ ነኝና ደስ አለኝ፤ «ጎበዝ!
ከደንብ ያመለጠውን ግሥ አገኘሽው!
‹መጣ› እንደ እኩዮቹ ‹ምጣ› በሆነ ነበር፤
‹ና› ግን ዘመድ የለው፣ ብቻውን የሚኖር።
ቃለ አጋኖውስ የታል?»

«አልጮህኩበትም» አለች።

«ባለቤቱስ ማነው?» አልኩ፣ ልፈትናት ብዬ።

«ስውር ነው። አንቺው ነሽ ያልሽው።
ከሥሩ ነው ያለው።»

ክፍሉ ጭጭ አለ። ቱዳ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፦
«ባለቤቷ ላርቢ ሰርዲን ሊያጠምድ እንደ ወጣ
ስምንት ጥር አለፈ፤ ጀልባዋም አልመጣ።»

የብዕሬን ክዳን ገጠምኩ። ለማምለጥ ብዬ፣
«ነገ አሉታዊውን እናያለን» አልኩኝ፤
«‹አትሂድ›፣ ‹አትውጣ›...» አፌን ያዝኩ፣ ዘግይቼ።

እሷ ግን እጇን አወጣች፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ፦
«ለትናንትስ አለው?»
«ምን?»
«ትእዛዙ። ‹አትሂድ›፣ የዚያን ዕለት።»

መጽሐፉን አውቀዋለሁ። ትእዛዝ ኀላፊ የለውም፣
ፊቱ ወደ ነገ ነው። ይህን አልነገርኳትም።

ከታች የፋብሪካው ጡሩንባ ጮኸ፦ ጀልባ ገባ፣
ዓሣ አለ። ግሥ የሌለው ትእዛዝ።
ዐሥራ አንዱም ተነሡ፣ የላስቲክ ቦት አጠለቁ፣
ደረጃውን ወረዱ።

የያምና ደብተር ክፍት ቀረ፤
ምናልባት ቀለሙ እስኪደርቅ ብላ ነው።
ሌሊቱን አረምኩት።
ከአምስት ስድስት ሰጠኋት፤
ደንብ የለውም፣ አውቃለሁ።