ብኝ

ሥራ ከጀመርኩኝ ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣
ደብረ ብርሃን ገና ውርጯን ሳትገፍ ከላይ፣
ሁለት ምክር ሰጡኝ።
«ቅጂ» አለ ግዛቸው፤ «እጅ ይሳሳታል፤
ነገ ‹አላልኩም› ቢሉሽ ማን ይመሰክራል?»
«ጻፊ» አለች ወይንሸት፣ ጡረታዋን የምትጠብቀው፤
«ሰው መቅጃ ያየ ለት፣ ምላሱን ክት ነው የሚያለብሰው።»

ሁለቱንም ሰማሁ፤ ሁለቱንም ያዝኩኝ፤
መቅጃው በቀኝ ኪሴ፣ ደብተሩ በግራ፣
እስክሪብቶም ሁለት፣ አንዱ ቢነጥፍብኝ።

ጣርማበር ጉም ነበር። ዋሻው ውጦ ተፋን።
ደብረ ሲና ስንቆም ባለቆሎዎቹ በመስኮት ከበቡን።
ከዚያ ወዲያ በእግር፣ ጉልበቴ እስኪከዳኝ፣
ነሐሴ የናደው ተረተር አፉን ከፍቶ እስኪቀበለኝ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር፤
ከደጃቸው አሥር እርምጃ አለፍ ሲሉ፣
የለም ምድር።

መቅጃውን አበራሁ። ቀይዋ መብራት በራች።
ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤
«በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስላገኘሁ አመሰግናለሁ፤
የደረሰው ጉዳት ከፍተኛ ሲሆን፣ የሚመለከተው አካል
አፋጣኝ ምላሽ እንዲሰጠን…»
ወይንሸት በሐሳቤ ሳቀች።

«አጠፋሁት እማማ» አልኩ፤ ቁልፉን ተጫንኩ፤
ደብተሬን ገለጥኩ።
ያኔ ተቀመጡ። እግራቸውን ዘረጉ።
ውሻው ከሁሉ ቀድሞ እንደ ሸሸ፣
በሬው ገመዱን በጥሶ እንደ ወጣ፣
የባቄላው ማሳ አበባውን እንደያዘ፣ አጥሩ ሳይዛነፍ፣
በቃሬዛ እንደሚሄድ ሕመምተኛ በጨለማ ቁልቁል ሲያልፍ።
ሲናገሩ ጉልበታቸውን ያራግፋሉ፣ የሌለ አፈር።
እሱን ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት። መቅጃ ይህን አያውቅም ነበር።

ጣቴ ደነዘዘ፤ ቃል እየቆረጥኩ፣ እየዘለልኩ ተከተልኩ።
ከዚያ ዝም አሉ። ደብተሬም ነጭ ሆኖ ጠበቀ።
ከዝምታው ማዶ አንድ ነገር አሉ፤
እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦
«መሬቱ ሄደ።»

ማታ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ መቅጃውን ብከፍተው፣
አላጠፋሁትም ኖሯል። ቁልፉን ሁለቴ ነው የነካሁት።
ሁሉም አለ፦ ውሻው፣ በሬው፣ ባቄላው፣
የኔ እስክሪብቶ እንኳ፣ እንደ አይጥ ሲቧጥጥ።
ከዝምታውም ማዶ፦
«መሬቱ ሄደብኝ።»

ብኝ።
ሁለት ፊደል፣ ከጣቴ መሐል የሾለከች።
«ሄደ» መንገደኛ ነው፤ ደኅና ዋሉ ብሎ፣ ስንቁን ይዞ።
«ሄደብኝ» ግን ቀሪ አለው፣ ደጅ ላይ የቆመ፣ እጁን ይዞ።

ግዛቸው ሰማውና «ወርቅ ነው» አለ፤ «ነገ ጠዋት ይለቀቅ።»
«አጥፍቼዋለሁ ብያቸዋለሁ።»
«ታዲያ፣ ሬዲዮ አላቸው?»

ቅዳሜ በራሴ ገንዘብ ተሳፍሬ ወረድኩ።
መጀመሪያ ደብተሬን አነበብኩላቸው።
እዚያች ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ፦
«‹ሄደ› አላልኩም። ‹ሄደ› ለእንግዳ ነው።
‹ሄደብኝ› በይ እንጂ፣ ልጄ።»

መቅጃው ኪሴ ውስጥ ከበደኝ። ነገርኳቸው።
አልተቆጡም። አልሳቁም። «እስቲ አሰሚኝ» አሉ።
የራሳቸው ድምፅ ሲመጣ ፊታቸውን አዞሩ፣
የጎረቤት ገመና ሳያስበው እንደ ሰማ ሰው።
ዝምታው ጋ ሲደርስ ግን፦
«ቆይ። እሱን መልሺው።»

መለስኩት። ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ከዝምታው ሥር፣ ከወለሉም ሥር፣
ውሃ።
ዝግ ያለ፣ እንደሚያመሰኳ ከብት።

«እሱ ነው» አሉ። «እሱ ነው የበላብኝ።
እኔን ተዪኝና እሱን አሰሚልኝ።»

አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር።
ግዛቸው ሁለት ጊዜ አዳመጠ፣ ሰዓቱን አየ፤
«ጣቢያው ተበላሸ ይሉናል» አለና
አራት አደረገው።